በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ የተዛወሩ የማሰሮ ተክሎች መጠውለግ፦ የውኃ እጥረት ወይስ የውኃ ብዛት?

በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር የተገዛ የጽጌረዳ ችግኝ ወደ ማሰሮ ከተዛወረ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጠውለጉ የተለመደ ነው። ባለቤቱም ተክሉ እንደተጠማ በመገመት ጠዋትና ማታ ያጠጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተክሉ ከማገገም ይልቅ ይብስበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የመጠውለጉን መንስኤ፣ መለያውንና መፍትሔውን ያብራራል።

ተክል ውኃን በብዛት የሚስበው በሥሩ ጫፍ አካባቢ ባሉ ረቂቅ የሥር ጸጉሮች አማካይነት ነው። በዝውውር ወቅት ከእነዚህ ብዙዎቹ ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን እንደ ቀድሞው ውኃ ማትነኑን ይቀጥላል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም ተክሉ ሊጠወልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውኃ ሲደጋገም የአፈሩ የአየር ክፍተቶች ይሞላሉ። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ መጠን በመሆኑ፣ የቀረው ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ ስለማይስብ ቅጠሉ ዳግም የተጠማ ይመስላል።

ችግሩን የአፈሩ ጠባይ ያባብሰዋል። በምሥራቃዊ አዲስ አበባ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃም አያጠነፍፍም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል። ያን ጊዜ የሚፈስሰው ውኃ በጠርዙ ወርዶ በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል እንጂ መሐሉን አያርስም። ከማሰሮው ሥር ጠጠር መደልደልም መፍትሔ አይሆንም፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይታቆራልና። የውኃ ፈረቃም የራሱ ድርሻ አለው፤ ነዋሪው ተክሉ በሚያስፈልገው ቀን ሳይሆን ቧንቧው በመጣ ቀን ያጠጣል።

መንስኤውን ለመለየት ጣትን እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ማስገባት ይበቃል። አፈሩ ደርቆ ማሰሮው ከቀለለና የቅጠሉ ጠርዝ ከተኮማተረ፣ ችግሩ ጥማት ነው። አፈሩ ረጥቦ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነና መጥፎ ሽታ ካለው፣ የሥር መታፈን ነው። እኩለ ቀን ጠውልጎ ማታ የሚያገግም ተክል የዝውውር ድካም ብቻ አለበት፤ ማለዳም ጠውልጎ የሚገኝ ግን ፈጣን እርምጃ ይሻል።

ለተጠማው ተክል ማሰሮውን በሳፋ ውኃ ውስጥ፣ አረፋው እስኪያቆም ድረስ መንከር ይጠቅማል። ለታፈነው ግን ማጠጣቱን ማቆም፣ ጠቁሮ የላሸቀውን ሥር መቁረጥና በ3 እጅ ቀይ አፈር፣ በ2 እጅ ብስባሽና በ1 እጅ አሸዋ ድብልቅ እንደገና መትከል ያስፈልጋል። አዲስ የተዛወረ ተክል በዕለቱ ውኃው ከታች እስኪወጣ አንድ ጊዜ ይጠጣል፤ ከዚያም የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር አፈር እስኪደርቅ ይጠበቃል። ለ10 ቀናት ያህል ከቀጥተኛ ፀሐይና ከነፋስ ይከለላል። አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣም ማዳበሪያ አይጨመርበትም። በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ በጀሪካን አጠራቅሞ እንደ አፈሩ ሁኔታ መጠቀም ይመረጣል።

በክረምት በረንዳ ላይ ዝናብ የሚያገኘው ማሰሮ ለሳምንታት ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ በበጋ ደረቅ ነፋስ ግን ይኸው ማሰሮ በየዕለቱ መፈተሽ አለበት። በሁለቱም ወቅት ውሳኔው ከቅጠሉ ሳይሆን ከአፈሩ ይነሣል።