የመሣሪያ ካዝና ሌባን ስንት ደቂቃ ያቆማል?

በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ተብለው ከሚሸጡት ትላልቅ ካዝናዎች መካከል ዋነኞቹ ጠመንጃና ሽጉጥ ማስቀመጫዎች ናቸው። ቁመታቸው ሰው ያህላል፤ ቀለማቸው ያብረቀርቃል፤ መዝጊያቸው እንደ መርከብ መሪ በሚዞር እጀታ ይከፈታል። ገዢው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ወርቁን፣ ጥሬ ገንዘቡን፣ የቤቱን ሰነድና ፓስፖርቱን ይቆልፍበታል። በዚያ አገር ሱቅና ማደያ የከፈቱ ኢትዮጵያውያንም የሚገዙት ከዚሁ ገበያ ነው።

ለመሆኑ ይህ ካዝና ሌባ ሲመጣበት ምን ያህል ይቆማል? መልሱ ብዙውን ገዢ ያስደነግጣል። በአብዛኞቹ ላይ የተለጠፈው የምርመራ ማረጋገጫ የሚመሰክረው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የአምስት ደቂቃው ፈተና

በአሜሪካ የካዝናዎችን ጥንካሬ ከሚመረምሩት ድርጅቶች ግንባር ቀደሙ እ.ኤ.አ. በ1894 በቺካጎ የተመሠረተው አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ፣ በአጭሩ ዩ.ኤል. ነው። ድርጅቱ የቤት ካዝናዎችን የሚፈትንበት ደረጃ ቁጥር 1037 ሲሆን፣ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ «አር.ኤስ.ሲ.» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። የምልክቱ ትርጉም «የመኖሪያ ቤት ጥበቃ ሣጥን» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ «ካዝና» የሚል ቃል በስሙ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያው እርከን ፈተና እንዲህ ነው። አንድ ሰው መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ 45 ሣንቲ ሜትር የሚደርስ መፈንቀያ ብረትና አነስተኛ ትራፓኖ ይዞ ይቀርባል። ካዝናው አምስት ደቂቃ ሳይከፈት ከቆየ አልፏል። ዲስክ የተገጠመለት የብረት መቁረጫ ግራይንደር በዚህ እርከን አልተካተተም።

ለአምራቾቹ ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገሮችን መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፈታኞቹ የካዝናውን የአሠራር ንድፍ አስቀድመው አጥንተው የሚገቡ ባለሙያዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው መሣሪያው ብረቱን እየነካ የሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዕረፍትና መሣሪያ ለመለወጥ የሚጠፋው አይታሰብም። ስለዚህ በፈተና ላይ አምስት ደቂቃ የቆመ ካዝና ልምድ የሌለውንና የሚቸኩለውን ሌባ ከዚያ በላይ ሊያደክመው ይችላል። ይሁን እንጂ ባትሪ የሚሠራበት ግራይንደር በየዕቃ መሸጫው በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ፣ ፈተናው ያልጠየቀውን ጥያቄ ሌባው መጠየቁ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዩ.ኤል. ሁለት ተጨማሪ እርከኖችን ጨምሯል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች በከበዱ መሣሪያዎች ለአሥር ደቂቃ ይሞክራሉ። በገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ግን ያው የመጀመሪያው እርከን ነው።

ላሜራው ምን ያህል ይወፍራል?

የዋጋው ምስጢር ያለው በግድግዳው ላይ ነው። አሜሪካውያን የላሜራን ውፍረት «ጌጅ» በሚባል ቁጥር ይለካሉ። ይህ ቁጥር ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል። 14 ጌጅ የተባለው 1.9 ሚሊ ሜትር፣ 12 ጌጅ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ 10 ጌጅ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ 7 ጌጅ ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «ባለ 14 ነው» ሲባል የበለጠ የተገዛ የሚመስለው ደንበኛ በእርግጥ የገዛው ያነሰ ብረት ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት ለመሣሪያ ካዝና ያወጣው መመዘኛ ጥሩ ማሳያ ነው። ካዝናው የአር.ኤስ.ሲ. ፈተናን ያለፈ ካልሆነ፣ ግድግዳው ቢያንስ 12 ጌጅ መሆን ወይም ከዚያው ጋር የሚቀራረብ ድርብ ላሜራ ሊኖረው ይገባል። ለአንድ ልጅ ወይም ለአንድ ጉጉ እንግዳ ይህ በቂ መከላከያ ነው። የሕጉም ዋና ሐሳብ መሣሪያ ከማይገባው እጅ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በዝግጅት ለመጣ ሌባ ግን 2.7 ሚሊ ሜትር ላሜራ ዲስክ የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

መዝጊያው ላይ የሚታዩት ወፋፍራም የመቀርቀሪያ ዘንጎችም ገዢን ያታልላሉ። ዘንጎቹ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ የሚገቡበት የበር ክፈፍ ቀጭን ላሜራ ከሆነ መፈንቀያው ዘንጉን ሳይሆን ክፈፉን ያጥፈዋል። አሥር ዘንግ ከስስ ክፈፍ ጋር ከሚሆን አራት ዘንግ ከወፍራም ክፈፍ ጋር ይሻላል።

እሳትና ሌባ ሁለት ናቸው

ሻጮች አጥብቀው የሚያነሱት ሌላው ነገር «ይህን ያህል ሰዓት እሳት ይቋቋማል» የሚለው ነው። በአብዛኞቹ የቤት ካዝናዎች ውስጥ እሳት የሚከላከለው በላሜራው ውስጠኛ ገጽ የተደረደረ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ጂፕሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን ውኃ በውስጡ ይይዛል። ሙቀት ሲያገኘው ውኃው በእንፋሎት መልክ ይወጣና የውስጡን ሙቀት ያዘገያል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ጂፕሰም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ነገር ነው። ለካዝናው ክብደትና ውፍረት ይጨምርለታል እንጂ ሌባን አያቆምም። ሦስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ካዝና ሲያዩ «ይህን ማን ያነቃንቀዋል?» ማለት ቀላል ነው። ከክብደቱ ብዙው ጂፕሰም ከሆነና ወለሉ ላይ ካልታሰረ ግን፣ ሁለት ሰዎች በዕቃ መጫኛ ጋሪ ይዘውት ይሄዳሉ፤ አለዚያም በጀርባው ያስተኙትና መፈንቀያው ላይ ሙሉ ክብደታቸውን ያሳርፉበታል።

እውነተኛው ካዝና ዋጋው ስንት ደቂቃ ነው?

የወርቅ ነጋዴዎችና ባንኮች የሚጠቀሙበት ካዝና በሌላ ደረጃ ይለካል። በዩ.ኤል. ቁጥር 687 መሠረት «ቲ.ኤል. 15» የተባለው በእጅና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ለ15 ደቂቃ፣ «ቲ.ኤል. 30» ደግሞ ግራይንደርና መጋዝ ተጨምሮበት ለ30 ደቂቃ መዝጊያውና የፊት ገጹ ይፈተናል። ስድስቱም ገጽ እንዲፈተን ከተፈለገ ለብቻው የሚሰጥ ምልክት አለ። የቲ.ኤል. 15 ካዝና አካል 25 ሚሊ ሜትር ከሚሆን ብረት ወይም ከእርሱ እኩል ከሚቆም ድብልቅ ይሠራል። ከ12 ጌጅ ላሜራ ጋር ሲተያይ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ዋጋውም እንደዚሁ ይለያያል። ተራው የመሣሪያ ካዝና በመቶዎች ከሚቆጠር ዶላር ጀምሮ ሲገኝ፣ ቲ.ኤል. የተለጠፈበት በሺዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን ለቀለሙና ለቁመቱ ሳይሆን ለደቂቃው ቢያካፍለው ይጠቀማል።

ጀርመን ይህን ሂሳብ በሕግ አስልታዋለች። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2017 ጀምሮ በዚያ አገር አዲስ የመሣሪያ ማስቀመጫ የሚገዛ ሰው፣ ኢ.ኤን. 1143-1 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ ቢያንስ «0» የተሰጠውን መግዛት አለበት። ከ200 ኪሎ በታች በሚመዝን የ«0» ካዝና ውስጥ ከአምስት ሽጉጥ በላይ ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ካዝናው ከዚያ ከከበደ እስከ አሥር ይፈቀዳል። በአሜሪካ ግን የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ2017 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ተሰረቁ ተብለው የተመዘገቡት መሣሪያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። አብዛኞቹም የተወሰዱት ከግለሰቦች ነው። የተሰረቀ ወርቅ ባለቤቱን ብቻ ያደኸያል፤ የተሰረቀ ሽጉጥ ግን ሌላ ቤት ገብቶ ሰው ይገድላል።

ቁልፉ የማነው?

ብረቱ ጠንካራ ቢሆን እንኳ የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዩታው አምራች ሊበርቲ ሴፍ ለኤፍ.ቢ.አይ. የአንድ ደንበኛውን ካዝና መክፈቻ ቁጥር መስጠቱን ገልጿል። መርማሪዎቹ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘው ነበር። ብዙ ደንበኞችን ያስደነገጣቸው ግን ማዘዣው ሳይሆን ፋብሪካው መክፈቻ ቁጥር እንደሚያስቀምጥ ማወቃቸው ነው። ኩባንያውም ቁጥሩ ከመዝገቡ እንዲጠፋለት የሚፈልግ ደንበኛ መጠየቅ እንደሚችል አስታውቋል።

ሌባም ሂሳብ ያሰላል

ነገሩን በኢኮኖሚክስ ዓይን ስናየው ካዝና የሚሸጠው ጊዜ ነው። ሌባው ወጪ የሚያደርገው ደቂቃና ጩኸት ነው፤ ገቢው በውስጡ ያለው ሀብት ነው። ካዝናው አምስት ደቂቃ ይቋቋማል፣ ዘበኛ ወይም ፖሊስ የሚደርሰው ደግሞ በ15 ደቂቃ ነው እንበል። የቀረው አሥር ደቂቃ የሌባው ትርፍ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ የካዝናውን ደቂቃ ማብዛት፣ ወይ በማስጠንቀቂያ ደወልና በጥበቃ የሚደረስበትን ጊዜ ማሳጠር። በአውሮፓ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸፍኑትን የገንዘብ መጠን ከካዝናው ደረጃ ጋር የሚያያይዙት በዚሁ ስሌት ነው።

ይህ ሂሳብ በመርካቶም ሆነ በፒያሳ ለገንዘብና ለወርቅ ካዝና ለሚገዛ ነጋዴ አይለወጥም። ሻጩን ወይም ደላላውን የሚከተሉትን መጠየቅ ይበጃል።

አንደኛ፣ በመዝጊያው ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈው የምርመራ ምልክት የስርቆት ነው ወይስ የእሳት ብቻ? ምልክት ከሌለው የሚገዙት የብረት ቁም ሣጥን ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

ሁለተኛ፣ የላሜራው ውፍረት ያለ ጂፕሰሙ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

ሦስተኛ፣ ከሥሩ የማሰሪያ ቀዳዳ አለው ወይ? የአውሮፓው ደረጃ ከ1,000 ኪሎ በታች የሆነ ካዝና ሁሉ ማሰሪያ እንዲኖረው ያዛል። በኮንክሪት ወለል ላይ በቡሎን የታሰረና ጥግ ይዞ የቆመ ካዝና አይገለበጥም፤ ጎኖቹም ለግራይንደር አይመቹም። ለቡሎኑ የሚወጣው ገንዘብ ከካዝናው ዋጋ አንፃር ኢምንት ነው።

አራተኛ፣ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ከሆነ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቁጥር ተለውጧል ወይ? ከቁጥር መጫኛው ጀርባ የተደበቀ የመጠባበቂያ ቁልፍ ካለስ በማን እጅ ነው?

እነዚህን ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ያላገኘ ገዢ፣ በውስጡ የሚያስቀምጠው ሀብት መጠን አምስት ደቂቃ ከሚያወጣው በላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። የተረፈውን ባንክ ቢያስቀምጠው ይሻላል።