ያውቁ ኖሯል? ላንጋኖ አድረው ደርሰው የሚመለሱባቸው ቦታዎች

ያውቁ ኖሯል? ከሞጆ ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው «የት ታርፋለህ?» ሲባል መልሱ ለረጅም ዘመን የአንድ ሰው ስም ነበር፤ በቀለ ሞላ። ዝዋይ በቀለ ሞላ፣ ላንጋኖ በቀለ ሞላ፣ ሻሸመኔ በቀለ ሞላ፣ አርባ ምንጭ በቀለ ሞላ። በባለቤቱ ስም የተጠራ ሆቴል የመንገድ ምልክት ሆኖ ቀረ። ዛሬ በላንጋኖ ዳር ሎጁም ሪዞርቱም ብዙ ነው። የእንግዳው ልማድ ግን አልተለወጠም፤ ይዋኛል፣ ዓሳ ያዛል፣ ይተኛል፣ እሑድ ከሰዓት ሻንጣውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የዛሬው ዓምድ ከሆቴሉ ግቢ ወጣ ለማለት ለሚደፍሩ ነው።

መጀመሪያ ግን ውሃው። የላንጋኖ ቡናማ መልክ ብዙ አዲስ መጤን ያስደነግጣል። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ደቃቅ አፈር ነው። ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅም ነው ዋናተኛው ሁሉ ጥርት ያለውን ትቶ ወደዚህ የሚመጣው።

ያውቁ ኖሯል? ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ። ከሺዎች ዓመታት በፊት፣ ዝናቡ ከዛሬው በበዛበት ዘመን፣ አራቱ ተያይዘው ትርፋቸው በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከዚያ አየሩ ደረቀ፣ ውሃው ወረደ፣ ጉድጓዶቹ ተለያዩ። አሁን ከአራቱ ሁለቱ ብቻ መውጫ አላቸው። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ላንጋኖ በሆራ ከሎ ወደ አብያታ ይፈስሳሉ። አብያታና ሻላ ግን የገባላቸውን ውሃ ለፀሐይ እንጂ ለማንም አይሰጡም፤ ጨውና ሶዳው የሚጠራቀመውም ለዚህ ነው። በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ከሚጠጣ ውሃ እስከ ዓሳ የማያኖር ውሃ ማየት ይችላሉ።

በስፋት ዝዋይ ከሻላ ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። ሻላ በአሮጌ እሳተ ገሞራ በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የሌሎቹን የሦስቱን ውሃ ቢደምሩት የእርሱን አያህልም።

ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የሚገቡ ሰዎች በር ላይ ሰጎን፣ ከርከሮና የሜዳ ፍየል ፎቶ አንስተው የሚመለሱበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም። የፓርኩ ቁም ነገር ያለው ወደ ውስጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፓርኩ ይዞታ ውሃ ነበር፤ «ነበር» ያልኩት አብያታ በየዓመቱ እየሸሸ ስለሆነ ነው። ከላይ በዝዋይና በገባር ወንዞቹ ላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ አለ፤ ከሐይቁ ራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ የተሳበው አለ። አብያታ ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ውሃ ሲጎድልበት ዳርቻው በኪሎ ሜትር ይርቃል። የደረቀ የሚመስለው ነጭ ሜዳ ከሥሩ ጭቃ ነውና መኪናዎን ወደ ውሃው አያስጠጉ። ጎማው አንዴ ከሰመጠ የሚያወጣዎት የአካባቢው ሰው ጉልበት ብቻ ነው፤ ዋጋውንም ያኔ ይነጋገራሉ።

ያውቁ ኖሯል? በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ነጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያገኙት ከሻላ አልነበረም። አውሬ የማይደርስበት ደሴት ለጎጆ ይመቻል፤ ሐይቁ ግን ጨዋማ ስለሆነ ለእነርሱ የሚበቃ ዓሳ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለችውን ጠባብ ኮረብታ ተሻግረው አብያታ ላይ ያጠምዱ ነበር። አብያታ ሲያንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሳው አለቀ፤ የፔሊካኖቹም መንገድ ረዘመ። በአፍሪካ ከታወቁት የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች አንዱ በጎረቤት ሐይቅ ጤና ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያችኑ ኮረብታ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ በአንድ ወገን አብያታ፣ በሌላው ሻላ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋሉ። ከዚያ ቦታ የሚበልጥ እይታ በዚህ መንገድ ላይ አላውቅም።

ፍላሚንጎስ? እርሱ ዓሳ አይሻም፤ በሶዳ ውሃ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ አጣርቶ ይበላል፤ ስለዚህ ፔሊካን የራቀው ውሃ ለእርሱ ማዕድ ነው። ከሻላ ደቡብ ምዕራብ ያለችውን ትንሿን የጭቱ ሐይቅ ደግሞ አይርሱ፤ እርሷም የእሳተ ገሞራ አፍ ናት፤ ፍላሚንጎ አያጣትም። ወፍ ለማየት ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹትም እዚሁ ይከርማሉ። ባይነኩላር ያለው ዘመድ ካለዎት ይዋሱ።

በሻላ ዳር የሚፈላው ምንጭ ከሥር ካለው እሳት የሚመጣ ነው። የአካባቢው ሰው ለሕመም ይታጠብበታል። ልጆችን እጃቸውን ይያዙ፤ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም።

ያውቁ ኖሯል? ያው የምድር እሳት መብራትም ያበራል። በላንጋኖና በዝዋይ መካከል የቆመው አሉቶ ተራራ እሳተ ገሞራ ነው፤ በፈረንጆች 1998 የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ተራራው ላይ ጠዋት ጠዋት እንፋሎት ከመሬት ሲወጣ ይታያል።

ዝዋይ ከተማ በይፋ ስሟ ባቱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሱ የሐይቁን ቆሮሶ በጥብስ ወይም በጉላሽ ይዘዙ፤ ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለጠረጴዛው እተወዋለሁ። ዓሳው በሚገፈፍበት ዳርቻ አባ ኮዳ የተባለው ራሰ በራ ወፍ ቆሞ ትርፍራፊ ይጠብቃል፤ ቁመቱ የትንሽ ልጅ ያህላል። ከተማዋን የከበቡት ላስቲክ ለበስ ቤቶች ጽጌረዳ ያበቅላሉ፤ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚባሉት የወይን ጠጆችም ከዚሁ የካስቴል እርሻ ይመጣሉ።

ቀን ካለዎት ግን ጀልባ ይከራዩ። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። በትልቁ በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ እንደተሸሸጉ፣ ጽላቱም ለ70 ዓመት ያህል እዚህ እንደቆየ በትውፊት ይነገራል። ደሴተኞቹ ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ እርሱም ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። እርከን ሠርተው ያርሳሉ፣ በደንገል ታንኳ ያጠምዳሉ። በማለዳ ይውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ጀልባ ነጂውም ይቸኩላል።

ሻሸመኔ? በፈረንጆች 1948 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ ጥቁሮች 200 ሄክታር ገደማ መሬት ሰጡ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላም ብዙ ራስ ተፈሪያን መጡ። ወንዶ ገነት ከዚያ ቅርብ ነው፤ ፍልውሃው የንጉሡ ማረፊያ ነበር፣ ዙሪያው አሁንም ደን ነው።

ቆርኬ አይተዋል? በሰንቀሌ መጠለያ፣ ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ፣ በሣሩ ላይ ቆሞ ያገኙታል። ይህ የቆርኬ ዝርያ ከሶማሊያ ምድር ከጠፋ ወዲህ በዓለም የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሰንቀሌ ላይ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ግጦሽና እርሻ ቦታውን በልቶት ነበር።

ለመመለሻ ያው የሞጆ መንገድ ካሰለቸዎት ከዝዋይ በቡታጅራ በኩል ይዙሩ። ጢያ ላይ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፣ ብዙዎቹም ሰይፍ ተስሎባቸዋል። የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ዩኔስኮ በፈረንጆች 1980 መዝግቧቸዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲቀርቡ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያቸውን የጠረቡበት፣ በፈረንጆች 2024 ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት ከሆቴሉ በጠዋት ሂሳብዎን ዘግተው መውጣት አለብዎት።