የሚያዥ ገንቦ ለጓሮ አትክልት

አዲስ ገንቦ ከገበያ የገዛች የቤት እመቤት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ውኃ ሞልታ ያሳደረችው እንደሆነ ጧት የገንቦው ሆድ እንደ ላብ ወርዝቶ፣ የተቀመጠበትም ስፍራ ርሶ ታገኘዋለች። ስለዚህ ለሥራ ከማዋልዋ አስቀድማ ታሟሸዋለች፤ የሸክላው ረቂቅ ቀዳዳም ይደፈናል። ዛሬ ለአንባብያን ልናስረዳ የምንወደው ግን፣ እንደ ነውር የሚቆጠረው ይህ የገንቦ ማዠት ለጓሮ አትክልት ታላቅ ሲሳይ መሆኑን፣ ከሴቶችና ከልጆችም ጀርባ ላይ ብዙ ሸክም የሚያወርድ መሆኑን ነው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆነን ላንቴን እንመልከት። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ ሰሜን በሶዶ መንገድ ሲሄዱ፣ ከዐባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው ሜዳ ላይ የምትገኝ፣ በሙዝ ተክልዋ የታወቀች የቆላ ቀበሌ ናት። ከፊትዋ ሐይቅ ተዘርግቶ፣ በአጠገብዋም የሐሬ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ወርዶ የሚያይ እንግዳ ሰው፣ በዚህ አገር የውኃ ችግር ይኖራል ብሎ አይገምትም። ነገር ግን የሐይቁ ውኃ በደለል ቀልቶ የደፈረሰ ነው፤ በቦይ የሚመጣውም ውኃ በተራ የሚደርስ ሲሆን ቀድሞ የሚታሰብለት ሙዙና እህሉ ነው። ለጓሮ አትክልት የሚተርፈው፣ ከሩቅ በጀርባ ተሸክመው ካመጡት ላይ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለመታጠቢያ ከዋለ በኋላ የቀረው ጥቂት ብቻ ነው።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወራት ፀሐዩ እጅግ ይበረታል። የጋሞ ሰዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው የሚበሉት የሺፈራው ዛፍ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቁን ይችለዋል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቆስጣ ግን አይችሉትም። ከላይ በጣሳ የፈሰሰላቸውንም ውኃ አብዛኛውን ፀሐይና ነፋስ ያነሡታል፤ ከሥሩ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ ከትምህርት ሰዓትዋ ቀንሳ በጀርባዋ ያመጣችው ውኃ ተክሉ ሳይጠጣው ወደ ሰማይ የሚመለስ ከሆነ፣ ድካሙ ብቻ ለእርስዋ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ብክነት ለመከልከል የሚያስችለው ዘዴ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፋን ሼንግዢ የተባለው የቻይና የእርሻ ሊቅ፣ በመሬት ውስጥ ገንቦ ቀብሮ በዙሪያው ተክል ስለ መትከል ጽፎ ነበር። ምሥጢሩም ቀላል ነው። በገንቦው ዙሪያ ያለው አፈር ሲደርቅ ውኃውን በሸክላው ቀዳዳ በኩል ወደ ራሱ ይስባል፤ አፈሩ ርሶ ሲጠግብ ግን መሳቡን ይቀንሳል። ስለዚህ ተክሉ የሚጠጣው እንደ ጥማቱ መጠን ነው።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው። ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ፣ ከቶ ያልተሟሸና ያልተቀባ ገንቦ ይገዛል። ውኃ ሞልተው ያሳድሩታል፤ ጧት ውጭው ወርዝቶ ቢገኝ መልካም ነው፤ ተሰንጥቆ የሚያፈስ ቢሆን ግን አይረባም። ግቢ ያለው ሰው በመሬት፣ ግቢ የሌለው ደግሞ ከሥሩ በተበሳና በተቆረጠ በርሜል ውስጥ እስከ አንገቱ ይቀብረዋል። አፈሩ ሁለት እጅ ለስላሳ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅም አሸዋ ቢሆን ይስማማዋል። ከገንቦው አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ሦስት ወይም አራት የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ ይተክላሉ። ከዚያ በኋላ ገንቦውን እንደ ፀሐዩ ብርታት በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ እያዩ መሙላት ነው።

ገንቦ ያላገኘ ሰው በሁለት ባልዲ ይሠራዋል። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚስብ ሁላችንም አይተናል፤ ውኃም በጥጥ ላይ እንደዚሁ ይወጣል። ላይኛው ባልዲ ከሥሩ ይበሳና ጣት የሚያህል የጥጥ ገመድ ይገባበታል፤ የገመዱ አንድ ጫፍ በአፈሩ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ሌላው ጫፍ በታችኛው ባልዲ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ውኃውን ለመጨመር አንጓው የተበሳ ቀርከሃ እስከ ታችኛው ባልዲ ድረስ ይተከላል። መረሬ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥጡም ስለሚበሰብስ በየአዝመራው መለወጥ ይገባል።

ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ዘርና ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ውኃው ስለማይደርሳቸው፣ እስኪጸኑ ድረስ ከላይ ማጠጣት ያስፈልጋል። የደፈረሰ ውኃ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናልና አጥልሎ መጨመር ይገባል። ላንቴን በመሰለ የወባ አገር ክፍት ውኃ ለትንኝ መራቢያ ስለሚሆን፣ የገንቦው አፍም ሆነ የቀርከሃው ጫፍ በሚገባ ይከደን። ታችኛው ባልዲ ደግሞ ከአፉ ዝቅ ብሎ በጎኑ ይበሳ፤ ይህ ካልሆነ በዝናም ጊዜ ሥሩ በውኃ ታፍኖ ይበሰብሳል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ መጀመሪያ የሞከረው ከጓዳ ባገኘው አሮጌ የጠላ ገንቦ ነበር። አምስት ቀን ቆይቶ ቢያየው ውኃው አልጎደለም፣ ችግኞቹ ግን ደርቀዋል። በቤቱ ያሉት ሴቶች ስቀው፣ «የተሟሸ ገንቦ ከመቼ ወዲህ ያዣል?» አሉት። መጽሐፍ ያላስተማረውን ጓዳ አስተማረው።

ይህም አንድ ነገር ያሳስበናል። በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል በዚያም ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ተንቀው፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም በእጅ ሥራው የሚኖረውን ሰው በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ ልማድ ግን ከአዋጅ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ጭቃውን የምትመርጥ፣ እሳቱን የምትመጥን፣ ገንቦው የሚያዠውንና የሚያፈስሰውን በእጅዋ ዳስሳ የምትለይ ሴት ባለሙያ ናት። ከእርስዋ ዘንድ ገንቦ ስንገዛ፣ ያልተሟሸውን የምንፈልገው ለምን እንደሆነ ነግረን ምክርዋን ብንጠይቅ፣ ዕቃውም ይሻላል፣ ክብርዋም ይጠበቃል።

ለመንግሥት ሥራ ወደ ቆላ አገር የሚዛወሩ ብዙዎች፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ግቢውም ጠባብ ነው እያሉ ጓሮውን ባዶ ይተዉታል። አንድ ገንቦና አንድ ግማሽ በርሜል ግን ከደጅ ጥግ ይበቃቸዋል፤ ሲዛወሩም አብሮ ይጫናል። እንግዲህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ጎመኑንና ቲማቲሙን ከመቍጠራችሁ በፊት፣ በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ በቀንም ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቍጠሩ። ገንቦው በተቀበረ በወሩ ደግሞ እንደገና ቍጠሩት። ከምልልሱ አንዱ እንኳ ቢቀር፣ ገንቦው ዋጋውን ከፍሏል።