«ለጊዜው» የተወሰደ መሬት፦ የካሣ ስሌት ከእንጦጦ ግርጌ

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ተገቢው ካሣ ሳይከፈለው ንብረቱን እንዳያጣ ደነገገ፤ በመጠኑ ስምምነት ከጠፋም ጉዳዩን ለዳኝነት ተወው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን አለ። ያኔ በየካና በእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚተክል ባለርስት መሬቱን ጭምር «የኔ» ይል ነበር።

1967 ይህን ከሥሩ ነቀለው። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን መሬት ከግል እጅ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ካሣ የሚታሰበው ለቤቱ፣ ለዛፉና ለሰብሉ እንጂ ለአፈሩ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ አጸናው።

አያትና የካ አባዶ በኮንዶሚኒየም ከመሞላታቸው ቀድሞ፣ በ1997፣ አዋጅ ቁጥር 455 ወጣ። መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ለጊዜው ለሚለቅ ግን መሬቱ እስኪመለስ ያጣው ገቢ ይተካለት ነበር፤ ድምሩ ከዘለቄታው ካሣ ማለፍ አይችልም ነበር። እንግዲህ 10 ዓመት ካለፈ፣ 11ኛው ዓመት ለወሳጁ በነጻ ነበር ማለት ነው። ሕጉ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል እንዲህ አላልቶ መተዉ፣ በእኔ እይታ፣ ትልቁ ክፍተቱ ነበር።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ 15 አሳደገ፤ መነሻውንም ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ አደረገ። ሁለተኛው ለውጥ ከመጀመሪያው አያንስም። የአንድ ገበሬ ገቢ በ5 ዓመት ከ10 ሺህ ወደ 12፣ 15፣ 18 እና 25 ሺህ ብር አደገ እንበል፦ በቀድሞው ስሌት 160 ሺህ፣ በአዲሱ 375 ሺህ ብር ይደርሰዋል። አማካዩ ክፍያውን ከኑሮ ውድነቱ ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር።

በ2013 1,300 ሄክታር ላይ የተዘረጋው የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ኋላም የኮሪደር ልማቱ ተከተለ። በ2016 የወጣው ማሻሻያ የካሣውን ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዛወረ። ፓርኩና ኮሪደሩ ግን የዘለቄታው ታሪክ ናቸው።

ጊዜያዊው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በድንጋይ ካባው፣ ገረጋንቲ በሚቆፈርበት ማሳ፣ በመንገድ ሥራ ካምፑ። ስሌቱ የሚነሣው መሬቱ ከመወሰዱ በፊት ከነበረው ገቢ ስለሆነ፣ ገበያው እየናረ ሲሄድ ክፍያው ባለበት ይቀራል። ካምፑ ሲነሣ ማሳው ይታረሳል። ካባው ግን ሲመለስ ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋም በሬ አይገባበትም።