ልዑል ራስ መኰንን

ልዑል ራስ መኰንን ከደጃዝማች ወልደ ሚካኤልና ከወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በአጎታቸው ልጅ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አድገው፥ በ1879 ዓ.ም. ሐረርጌን ይገዙ ዘንድ ተሾሙ። በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተልከው የዚያን አገር ኃይል በዓይናቸው አይተው ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1888 ዓ.ም. አምባላጌና ዐድዋ ላይ ያንኑ ኃይል ከመግጠም ወደ ኋላ አላሉም። በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሰባተኛው ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ለንደን ሄዱ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የአገሩ ገዥ እርሳቸው ነበሩ። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ልጃቸው ተፈሪ፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ያን ጊዜ ገና የ13 ዓመት ብላቴና ነበሩ።

እኛም የድሬዳዋ ተማሪዎች ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ስንወጣ፥ የባዕድን አገር ሳይንቁና ሳይፈሩ የተመለከቱትን እኒህን ሰው እናስታውስ።