የደንገል ታንኳ፦ አሠራሯ፣ አያያዟና ተከታዮቿ

ታንኳ ከደንገል ነዶ ታስራ የምትሠራ የጣና ሐይቅ መጓጓዣ ናት። ደንገል በረግረግና በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ቁመቱ ከሰው እጥፍ የሚሆን ተክል ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ከውጭ ለስላሳና ጠንካራ ልጣጭ፣ ከውስጥ ደግሞ አየር የሞላው ነጭ ስፖንጅ መሳይ አካል ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፋት ይህ አየር ነው። የብረት ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ ባዶ ስለሆነና ውሃ ስለማታስገባ ነው፤ ከተበሳች ትሰጥማለች። ታንኳ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ውሃ ታስገባለች፤ ከመቀመጫው ሥር ርጥበት አይጠፋም። አካሏ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ብትበሳም አትሰጥምም። የሚጎዳት ቀስ እያለ ወደ ግንዱ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ነው። የባለቤቷ ሥራ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ደንገሉ ከሥሩ በማጭድ ይቆረጥና አረንጓዴው ወደ ገለባ መልክ እስኪለወጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥቡ ደንገል ከባድ ነው፤ ደረቁ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደረቁን እንዳለ ለማጠፍ ቢሞከር ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መልሶ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ገመድ ይጠነክራል። ስለዚህ የታንኳዋ ፊት ወደ ላይ የሚቆለመመው ደንገሉ ረጠብ ተደርጎ ነው። ሠሪው ግንዶቹን ደርድሮ በነዶ ይከፍላል፤ ወፍራሞቹን ነዶዎች ለወለሉ፣ ቀጠን ያሉትን ለግራና ቀኙ ጠርዝ ያደርጋል። ቀድሞ ማሰሪያው ከዛፍ ልጣጭ የሚገኝ ልጥ ነበር፤ ዛሬ የናይለን ገመድ ቦታውን እየያዘ ነው። ሠሪው እግሩን ነዶው ላይ አስደግፎ ገመዱን በሙሉ ክብደቱ ይስባል፤ ልል የሆነ እስር በግንዶቹ መካከል ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ጥብቅ እስር ግን ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ይበልጥ ይጠብቃል። ደንገሉ ተዘጋጅቶ ከቀረበ ልምድ ያለው ሰው አንዲት ትንሽ ታንኳ በአንድ ቀን ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ መሐል ወለሏ ላይ ደረቅ ደንገል ይነጠፋል፤ ሰውም ጭነትም ከውሃው ከፍ ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ጥበብ ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች ደንገሉን ከመቁረጥ ጀምሮ ታንኳ እስከ መሥራት፣ ዓሣ እስከ ማሥገር፣ ከዚያው ደንገል ልዩ ልዩ የስፌት ዕቃ እስከ ማዘጋጀት ኑሯቸውን ከሐይቁ ጋር አያይዘው ኖረዋል። በዘጌና በሐይቁ ደሴቶች ለሚኖሩ ገበሬዎችና መነኮሳትም መጓጓዣቸው ታንኳ ነበረች። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ጣና ቂርቆስ ገዳማት እህሉም ዕጣኑም መጽሐፉም የተሻገረው በዚህች በተሰበሰበ ደንገል ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም ስለ ታንኳ ጽፈዋል። ከዘጌ ማገዶና ቡና ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሐይቁ የዘወትር ትዕይንት ነበር። ይህን ጥበብ የያዙ እጆች ከሥራቸው ያነሰ ክብር ማግኘታቸው የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ የጣና ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ሲደነቁ ወደዚያ ያደረሰችው ታንኳና ሠሪዋ እምብዛም አይታወሱም።

ታንኳ በእጅ መኖሯ ማለት በየቀኑ ማድረቅ ማለት ነው። ከሥራ በኋላ ውሃ ላይ ታስራ አታድርም። ባለቤቷ ወደ ዳር ይጎትታታል፤ ትንሽ ከሆነች ተሸክሞ ያወጣታል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲወጣ ያዘነብላታል፣ ወይም ዛፍና ግንብ ላይ ያስደግፋታል። ጠዋት ቀላል የነበረች ታንኳ ማታ ስትወጣ ክብደቷ ብዙ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ ክብደት በሙሉ የተጠጣ ውሃ ነው። እንዲህ በየጊዜው የምትደርቅ ታንኳ ጥቂት ወራት ታገለግላለች። ሳትወጣ የምትከርም ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከብዳ ወደ ታች ትቀመጣለች፣ ትበሰብሳለች። ክረምት ለታንኳ ክፉ ጊዜ ነው፤ ከላይ ዝናብ፣ ከታች ሐይቅ ሆኖ የሚያደርቃት ፀሐይ አይገኝም።

ከማድረቁ ቀጥሎ ማሰሪያው ይታያል። ገመዱ በአለት ወይም በወደብ ግንብ ሲፋተግ ይሳሳል፤ አንዱ ቢበጠስ ነዶው ይበተናል፤ ስለዚህ የላላውን ማጥበቅ፣ የሳሳውን መቀየር ያስፈልጋል። መሐሉ ላይ የተነጠፈው ደንገል ከሌላው ቀድሞ ስለሚያረጅ በአዲስ ይተካል። ወለሉ መስጠም ሲጀምር ትኩስ ነዶ ከታች ጨምሮ ማሰር ዕድሜዋን ያራዝማል፤ ይህ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የድሮው ነዶ ከበሰበሰ አዲሱ ብቻውን አይሸከማትም። የታንኳ መቅዘፊያ ረጅም ሽመል ነው፤ ቀዛፊው መሐሉን ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይቀዝፋል። መንገድ የሚጀመረው በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለታንኳ አደገኛ ነው፤ በዳር ዳሩ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ዕድሜዋ እንዲህ አጭር ስለሆነ ያገለገለች ታንኳ በግዢ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ብዙም አይታይም። ቢሆንም የሰው ታንኳ ለመዋስ ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚያያቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው። ደህናዋ ታንኳ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ የገለባ መልክ አላት፤ የጠቆረ ደንገል መበስበስ ጀምሯል። ነዶውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ አየሩ አለ፤ ጣት ሰምጦ ከቀረና ውሃ ካዠ አየሩ አልቋል። ባዶዋን ውሃ ላይ ስትቀመጥ ጠርዟ ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ደንገል ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ዓለም ያየው በራ ጉዞ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና 12 ቶን ያህል ደንገል አስቆርጦ ወደ ግብፅ ወሰደ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ራ የምትባለውን ታንኳ ሠሩለት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች፤ ሆኖም ካሪቢያን ደሴቶች አጠገብ ስትደርስ ፈረሰችና ተተወች። ጥፋቱ የደንገሉ አልነበረም። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ የታንኳዋን ኋላ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ ያ ገመድ በራ ላይ እንደሚገባው አልተያዘም፤ ስለዚህ ኋላዋ ወደ ውሃው ወረደ፣ ማዕበሉም ከዚያ ገባ። በተከታዩ ዓመት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራ ሠሪዎች በኢትዮጵያ ደንገል ሁለተኛዋን ራ ሠሩ፤ እርሷም በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ከታንኳ ፈጽሞ የተለየ የጀልባ ባለቤትነት እንግሊዝ አገር አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊና ሌሎች መሐንዲሶች የቆፈሯቸው ቦዮች የውሃ መዝጊያ በሮቻቸው ጠባብ ስለሆኑ በዚያ የሚሄዱት ጀልባዎች ወርዳቸው 2.1 ሜትር ገደማ ብቻ፣ ርዝመታቸው ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ድሮ ድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ቤት ሆነዋል። ያገለገለ ጠባብ ጀልባ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከውሃ አስወጥቶ የብረቱን ውፍረት በድምፅ ሞገድ ያስለካል፤ አዲሶቹ በተለምዶ ከታች 10፣ በጎን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ከዚያ በኋላ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከውሃ ወጥታ ሬንጅ ትቀባለች፤ በየአራት ዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታልፋለች፤ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌላት ጀልባ በአንድ ሰፈር ከ14 ቀን በላይ እንድትቆይ አይፈቀድም። ከእንጨት የተሠሩት ጠባብ ጀልባዎች ዕጣ ግን ከታንኳ የራቀ አይደለም። ክሬሲ የምትባለው አሮጌ የእንጨት ጀልባ የጸሐፊው ቶም ሮልት ቤት ነበረች፤ በእርሷ ላይ ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1946 ለተቋቋመው የቦዮች ተቆርቋሪ ማኅበር መነሻ ሆነ፤ ጀልባዋ ግን እንጨቷ ስለ በሰበሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአገልግሎት ወጣች።

ወደ ጣና ስንመለስ፣ ታንኳ በዓሣ ሥራ ብቸኛ እንዳትሆን ያደረገው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። በታንኳ የሚያሠግር ሰው ከዳር ብዙ አይርቅም ነበር፤ ሞተሩ ሐይቁን በሙሉ ከፈተ። ዛሬ ለቱሪስትና ለተሳላሚ የሚያገለግሉት የብረትና የፋይበር ጀልባዎች ናቸው፤ እነዚህ እንደ ታንኳ በጥቂት ወር ስለማያልቁ ከባለቤት ወደ ባለቤት ይዞራሉ።

ያገለገለች ጀልባ የሚገዛ ሰው ከቀለሟ ይልቅ ሆዷን ይይ። የብረቷን ጀልባ በትንሽ መዶሻ መምታት ይጠቅማል፤ ደህናው ብረት ይጮኻል፣ የበላው ድምፁ ይታፈናል። ዝገት በይበልጥ የሚበላት ውሃውና አየሩ በሚገናኙበት መስመርና ብየዳው ላይ ነው። ፋይበር ከሆነች ስንጥቅ፣ እብጠትና ሲረግጡት የሚሰረጉድ ወለል ይፈተሻል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መርጨት አለበት፤ ካልረጨ የማቀዝቀዣ ፓምፑ ታሟል። የታችኛው ማርሽ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የከፍታው ጉዳይም አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ተራ ቤንዚን ሞተር በሐይቁ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጭነት መቀነስ ወይም በጥልቀት የማይቆርጥ ፕሮፔለር መግጠም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የተባለ አረም ደግሞ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያም ይደፍናል፤ በአረሙ ውስጥ ያለፈ ባለጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንሥቶ ሳያጸዳ መንዳት የለበትም።

የታንኳ ትልቁ ችግር ግን ከሞተር አይመጣም፤ ከደንገሉ ማነስ ነው። ደንገል የሚያድገው ውሃው በማይጎድልበት ረግረግ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ስለ ወረደ መርከቦች ሥራ ሲያቆሙ፣ የደረቀው ዳርቻ ታረሰ። በሌላ ጊዜም ረግረጉ ለሩዝና ለሌላ እርሻ እየዋለ፣ ከብት እየገባበት፣ ደንገሉም ሳይበስል እየታጨደ ሄዷል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደንገል ዳርቻውን ካልያዘ ግን ለዓሣ መራቢያም ሆነ ከተራራ የሚወርደውን ደለል ለማጣሪያ የሚሆን ነገር አይኖርም።

ከሐይቁ ርቆ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከላሊበላ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ወደ ጣና የሚወርድ የላስታ ሰው ታንኳን የሚያውቀው በእንግድነት ነው። በላስታ ደጋ ላይ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ የለም። ተከዜ ከዚያው ደጋ ቢነሣም የሚወርደው በገደል መሐል ነው። የጀልባ ነገር ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ተጠናቆ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲፈጠር ነው። የላስታ ጎረቤት የሆነው የዋግ ኽምራ ሕዝብ ዛሬ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ከዚህ ውሃ ዓሣ ያወጣል። ይሁን እንጂ የግድቡ ውሃ በበጋ በብዙ ሜትር ይወርዳል፤ ዳርቻው ተዳፋትና ድንጋያማ ስለሆነ እንደ ጣና ለደንገል አይመችም። በዚያ የሚሠራ ሰው የእንጨት፣ የብረት ወይም የፋይበር ጀልባ መግዛት አለበት፤ ማሰሪያ ገመዱንም ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ አለት ላይ ተንጠልጥላ እንዳትቀር አርዝሞና በየቀኑ አይቶ ማሰር ይኖርበታል። ክረምት ላይ የተዋጡት አለቶች በበጋ ወደ ላይ ስለሚቀርቡ ፕሮፔለር ይሰብራሉ። መለዋወጫ የሚገኝበት ከተማ ሩቅ ስለሆነ ትርፍ ካንዴላ፣ የፓምፕ ጎማ፣ ፕሮፔለርና ገመድ፣ በተለይም ሞተሩ ሲቆም የሚያገለግል መቅዘፊያ በጀልባዋ ውስጥ ሁልጊዜ መኖር አለበት።