«ራፒድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ ስለ «ራፒድ»። ቃሏ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በኤችአይቪ መመርመሪያ ክፍልም ስለምትነገር ትርጉሟን አጥርቶ ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

«ራፒድ» የመጣችው ከላቲን ሲሆን መነሻዋ «መንጠቅ» ማለት ነው። በአማርኛ «ፈጣን» እንላታለን። ታዲያ «ፋስት»ም ፈጣን፣ «ክዊክ»ም ፈጣን አይደል? ልዩነቱ አጠቃቀማቸው ላይ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴን «ፋስት ራነር» እንለዋለን እንጂ «ራፒድ ራነር» አንለውም። ቶሎ ተበልቶ የሚያልቅ ምሳ «ክዊክ ላንች» ይባላል። «ራፒድ» ግን በአብዛኛው የምትገልጸው ከተለመደው በላይ የፈጠነን ለውጥ ወይም ሂደት ነው፤ ፈጣን እድገት «ራፒድ ግሮውዝ» እንደሚባለው።

እሺ፣ «ራፒድ ቴስት»ስ? ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ቅጽሏ የምትገልጸው ምርመራውን ነው። ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ውጤቱ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። ቫይረሱ በገባ ማግስት ይታያል ማለት ግን አይደለም! ምክንያቱም የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። ይህ ደግሞ በምርመራ እስኪታይ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ጊዜው «ዊንዶ ፒሪየድ» ይባላል።

እንግዲህ አስቡት። ቅዳሜ ለቫይረሱ የተጋለጠ ወጣት ሰኞ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ቢል ራሱንም ፍቅረኛውንም ማታለሉ ነው። በዊንዶ ፒሪየድም ቢሆን ቫይረሱ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋላ! ስለዚህ ከ3 ወር በኋላ ድጋሚ መመርመር፣ እስከዚያም መታቀብ ወይም ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አለ የሚል ምልክት ቢያሳይም በሌሎች ምርመራዎች ሳይረጋገጥ ውጤት አይባልም።

መፍጠን ያለብን እኛ የምንሆንበት ጊዜም አለ። ለቫይረሱ የተጋለጠ፣ ለምሳሌ የተደፈረ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል።

ወጣቶች! ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ እንፍጠን፤ «ነጻ ነኝ» ለማለት ግን አንቸኩል። ቸር ይግጠመን!